የቤት ምስክር

ደሴ ላይ ከሆጤ ሰፈር እስከ ፒያሳ ያለው መንገድ ለጤነኛ ሰው የሩብ ሰዓት የእግር ጉዞ ነው። ከሙባረክ ጋር የሚሄድ ሰው ግን ስንቅ ቢይዝ ይሻለዋል። ሙባረክ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል፤ ሰላምታውም እጅ ጨብጦ ማለፍ አይደለም። የልጆቹ ጤና፣ የላሟ ነገር፣ ያመመው ጉልበት፣ አምና ተጀምሮ የቀረው አጥር፣ ሁሉም በየተራው ካልተጠየቀ እግሩ አይነሳም። ሚስቱ ቢልቂስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቆማ፣ የያዘችውን ፌስታል ከእጅ ወደ እጅ እያዘዋወረች ጠብቃዋለች። አንዳንዴ ሰላም የተባለው ሰው ራሱ ያዝንላትና «በል ሙባረክ ሂድ፣ ሚስትህን አደከምካት» ይለዋል።

ሙባረክ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ስሙ ሲጠራ ፊቱ ይበራል፤ ለመደበቅም ሞክሮ አያውቅ። ማዶ ያለ ሰው «ሙቤ» ብሎ ከተጣራ የሚመጣ መኪና አይታየውም። ሥራው ኮምቦልቻ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክነት ነው። በየማለዳው በሚኒባስ ቁልቁል ይወርዳል፣ ማታ ሽቅብ ይወጣል፤ ከሾፌር እስከ ረዳት ልጆቻቸውን በስም ያውቃል። አሥራ ሁለት ዓመትም የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። ልጃቸው ፊርደውስ መራመድ የጀመረች ቀን እሱ ስብሰባ ላይ ነበር። ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈች ቀንም ስብሰባ ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባች ቀን እንኳ እስከ መናኸሪያ ሸኝቷት፣ መናኸሪያው ውስጥ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አግኝቶ ሲያስታርቅ አውቶቡሷ ሄደ።

አምና ለቢልቂስ ቃል ገባላት። «ኢንሻአላህ ዘንድሮ ከማኅበሩ እወርዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያንቺ ነኝ» አላት። ቢልቂስ አመነችው፤ ይህ እንግዲህ የሷ ጥፋት ነው። ሙባረክ ቃሉን ጠብቆ ከማኅበሩ ወረደ። በወረደ በወሩ ለከተማው ምክር ቤት በግል ሊወዳደር ተመዘገበ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ሰዉ ግባ ግባ አለኝ» አላት።

ሰዉ ማለት ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ስድስት ያህል ስም ጠራላት፤ ከስድስቱ አራቱ ሰላም ያላሉት ሰው የሌላቸው፣ እንደሱ ያሉ ወሬኞች ነበሩ። ቢልቂስ ሐሞቷ ፈሰሰ። የከተማ ምክር ቤት አባል ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። የውሃ ቧንቧ የተሰበረበት ይመጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የተጣላ ይመጣል፣ ልጁ ሥራ ያጣበት ይመጣል። ሙባረክ ደግሞ በሩን የሚዘጋ ሰው አይደለም።

የሆጤ ሰው ደግሞ ቅሬ አለው። ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲያዝን የሚያስተዛዝነው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሦስት መቶ ቤት የታቀፈበት ማኅበር ነው። የቅሬው ሽማግሎች በሙሉ ልብ ዱዓ ያደረጉለት ተወዳዳሪ የሦስት መቶውን ቤት ድምፅ ይዞ ወጣ ማለት ነው፤ ፊታቸውን ያዞሩበት ደግሞ ፖስተሩን ባይለጥፍ ይሻለዋል። እነዚህ ሽማግሎች በየትም ደንብ ያልተጻፈ አንድ ወግ አላቸው። ለወንበር የሚወዳደር ሰው ከመጣ ቤቱ ሄደው ሚስቱን ይጠይቃሉ። ባልየው እዚያው ተቀምጦ ይሰማል፣ ትንፍሽ አይልም። ወጉ የመጣው ከዓመታት በፊት ዱዓ አድርገው ያሾሙት አንድ ሰው አገር ምድሩን ካስለቀሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሚስቱ «እኔን ብትጠይቁኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እነግራችሁ ነበር» አለቻቸው። ሽማግሎቹ አፈሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቁ ዱዓ አድርገው አያውቁም።

ሰኞ ዕለት የቅሬው ዳኛ ሼህ ሰይድ ደወሉ። «እሑድ ከዙህር ሰላት በኋላ እንመጣለን» አሉ።

ቢልቂስ ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች። አንድ ቃል ይበቃል። «ቤቱን ረስቷል» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ሙባረክ ቤቱ ይገባል፣ እሷም ባል ይኖራታል። ደግሞ ውሸት አይደለም። ለዱዓ በተቀመጡ ሰዎች ፊት መዋሸት ነው እንጂ የሚያስፈራው፣ ይህ እውነት ነው።

ለእረፍት የመጣችው ፊርደውስ እናቷ ሐሳብ እንደገባት አይታ ልታጫውታት አጠገቧ ተቀመጠች።

«መምህራችን ምን ይላል መሰለሽ እማ፣ ፖለቲከኛ የሚነዳው በሦስት ነገር ነው ይላል። ወይ በእኔነት፣ ወይ በሥልጣን ጥም፣ ወይ ሕዝብ እንዲወደው በመፈለግ። አባ በየትኛው ይመስልሻል?»

«አባትሽ የሚነዳው በሚኒባስ ነው» አለች ቢልቂስ። ጥያቄው ግን ውስጧ ቀረ።

ረቡዕ ዕለት ሂሻም የሚባል የፋብሪካው ነባር ሠራተኛ መሞቱ ተሰማ። ሂሻም ኮምቦልቻ ውስጥ ስሙ የገነነ፣ ዘመዱ የበዛ ሰው ስለነበር ለቅሶው ላይ የማይገኝ ሰው አልነበረም። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎችም ከጧት ጀምሮ እዚያ ናቸው ተባለ። ሙባረክ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቢልቂስን አስከትሎ ወረደ። የደሴ ብርድ ከላያቸው ሳይለቅ የኮምቦልቻ ሙቀት ተቀበላቸው። ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር አንድ ድንኳን ሲያይ ሙባረክ ማንንም ሳይጠይቅ፣ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ገባ።

«ወይ ሂሻም፣ ወይ ወንድሜ» አለ ድንኳኑ መሀል ቆሞ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ሙባረክ ማልቀስ አያቅተውም። «ሃያ ዓመት አብረን ሠራን። እንዲህ ያለ ወንድ ዳግም አናገኝም። ወላሂ ዛሬ የሞተው እሱ አይደለም፣ ፋብሪካው ነው።» እንዲህ እያለ የሂሻምን ጀግንነት፣ የሂሻምን ለጋስነት፣ ሂሻም በአንድ ወቅት ከሥራ አስኪያጅ ጋር የተከራከረውን ክርክር ሳይቀር ዘረዘረ።

ቢልቂስ ከኋላው ቆማ ድንኳኑን ስታይ አንድ ነገር ቅር አላት። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። ያሉት ሰዎች ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ በጥበቃ ልብስ የተቀመጠ ሰውዬ ብቻ ናቸው። ሰውዬው ሙባረክ ትንፋሽ እስኪወስድ ጠብቆ በትሕትና ተነሳ።

«ጌታዬ፣ የሞተችው ሚስቴ ናት» አለ።

ቢልቂስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ሙባረክ ኩም አለ። ሰው ፊት ቃል ሲያጥረው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አፉ በለኝ ወንድሜ» አለ በመጨረሻ። «ስሟ ማን ነበር?»

«ውዱ።»

«ያንተስ?»

«ደጉ እባላለሁ። ከላስታ በኩል ነን። እዚህ ሰው የለንም።»

ቢልቂስ የባሏን ክንድ ጎተት አደረገችው። የሂሻም ድንኳን በሚቀጥለው መንገድ ላይ ነው፤ የሰዉ ድምፅ እስከዚህ ይሰማል። «እንሂድ፣ ሰዉ ሁሉ እዚያ ነው» አለችው በለሆሳስ።

«አውቃለሁ» አላት። ወደ ድምፁ ዘወር ብሎ ትንሽ አዳመጠ። ልቡ እዚያ እንደሄደ ታውቃለች። ከዚያ ግን አንድ ወንበር ስቦ ደጉ አጠገብ ተቀመጠ። «ለውዱ ነው የመጣሁት» አለ፤ እንዲህ በግልጽ ሲዋሽ ማንም አልተቀየመውም።

ዓይኑ ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ እየዞረ ይመለስ ነበር። ኋላ ስልኩን አወጣና አብዱልባሲጥ ለሚባል የድሮ ማኅበርተኛው ደወለ። «ከሥራ ስትወጡ ልጆቹን ይዘህ ና። የሂሻም አይደለም፣ ከሱ ፊት ያለው ነው። ሰው የሌላት እህታችን ናት» አለው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ የፋብሪካው ሠራተኞች እየተግተለተሉ መጡ። ወንበር አለቀ፣ ከጎረቤት አግዳሚ መጣ። ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር አለ፣ እስላሙ አላህ ሰብር ይስጥህ አለ፣ ደጉ የቱን ቀድሞ እንደሚመልስ ጠፋው። እየገቡ ግን መጀመሪያ ጎንበስ የሚሉት ለሙባረክ ነው፤ «ሙቤ፣ ሙቤ» ይላሉ። ቢልቂስ ከሴቶቹ መሀል ሆና አየችው። በሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ፊቱ በርቷል። ተናደደችበት፤ አንጀቷንም በላት፤ ሁለቱ ስሜቶች እርስ በርስ አልተጣሉም።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲያቃስት፣ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍን፣ ዝም ብላ ልትቆይ አስባ ሳትችል ቀረች።

«ዛሬ ያን ሁሉ ያደረግኸው ለማን ብለህ ነው?»

«ለሰውየው ነዋ።»

«ሙባረክ።»

ስሙን እንዲህ ሙሉውን የምትጠራው ስትቆርጥ ነው። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«መጀመሪያ ለስሜ ነው» አለ። «ወጥቼ ብሄድ ነገ አገሩ ሁሉ ለማያውቀው ሬሳ አለቀሰ ብሎ ይስቅብኛል። ተቀምጬ ብውል ግን ይረሳልኛል ብዬ ነው። ኋላ ሰውየው ሻይ ሊሰጠኝ መጣ። ግማሹን ሳህኑ ላይ ደፋው። ከዚያ በኋላ ያለውን እንጃ ቢልቂስ፣ እውነቴን ነው፣ እኔም አላውቀውም። ልጆቹ ሲመጡ ደግሞ ደስ አለኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ስለራሱ እንዲህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። እጇን እጁ ላይ አደረገች። በዚያ ሰዓት ሽማግሎቹ ቢመጡ ኖሮ ይሁን ትላቸውና ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር።

አልመጡም፤ በመሀሉ አርብ መጣ። አርብ ቢልቂስ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት። ስድስት ወር ስላሠቃያት ወገብ ሐኪሙ ውጤቱን የሚነግራት ቀን ነው። ሙባረክ ፈቃድ ወስዶ አብሯት ሊሄድ ምሎ ነበር። ጧት «ፋብሪካ ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ለባብሳ በር ላይ ጠበቀችው። ስትደውልለት ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ብቻዋን ሚኒባስ ተሳፈረች። እዚያም ወረፋ ጠበቀች፣ ብቻዋን ሐኪሙን ሰማች። ሐኪሙ ክፉ ነገር አላገኘም። እሷ ግን ክፉ ነገር ቢገኝ ኖሮ ብቻዬን ነበርኩ ብላ አሰበች፤ ከዚያች ሐሳብም ልትወጣ አልቻለችም።

ማታ ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ፊቷን አይቶ ትዝ አለው።

«የውዱ ሦስተኛ ቀን ነበር» አለ። «ሰው እንዳያጣ ብዬ... ወላሂ ከአእምሮዬ ጠፋ።»

«አውቃለሁ» አለችው። እራቱን አቀረበችለት። አልበላም።

እሑድ ሼህ ሰይድና ጋሽ ደምመላሽ መጡ። ሼህ ሰይድ የቅሬው ዳኛ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ አዛውንት ናቸው። ጋሽ ደምመላሽ የቅሬው ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ሌሎች አምስት ሽማግሎችም አብረዋቸው ነበሩ። ሙባረክ ጥግ ላይ ተቀመጠ። አለመናገር አለበትና ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ ያዛቸው። ፊርደውስ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጄ ቢልቂስ» አሉ ሼህ ሰይድ፣ «ይህ ሰው የሕዝብ ነገር ልያዝ ብሎ ተነስቷል። ሕዝቡ የሚያውቀው የውጭውን ነው፣ አንቺ የውስጡን ታውቂያለሽ። ምን ፈልጎ ነው? ያለውን ንገሪን፣ አትፍሪ።»

ቢልቂስ ለሳምንት ያዘጋጀችው ቃል ነበራት። አሁን አፏ ላይ ሲመጣ ሌላ ሆኖ መጣ።

«ስሙ ሲጠራ ይወዳል ሼሁ» አለች። «ይህን ከኔ ብትሰሙት ይሻላል። ሰው ሲያመሰግነው ልቡ ቅቤ ይጠጣል። ሳያመሰግኑት ከዋሉ ያመዋል። ድሮ ለማኅበሩ መጀመሪያ ተወዳድሮ የተሸነፈ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።»

ጋሽ ደምመላሽ ወደ ሙባረክ አዩ። ሙባረክ መሬት መሬት ያያል።

«ሥልጣንስ ይወዳል? ማዘዝ፣ መፍለጥ መቁረጥ?» አሉ።

«ማዘዝ አያውቅበትም። ቤት ውስጥ ፊርደውስን እንኳ ውሃ አምጪ ማለት ያፍራል።»

«እጁስ? እጁ ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው። ሌባ ከሚባል ሞቱን ይመርጣል። ይህንንም ጽድቅ አታድርጉት፣ ያው ስሙን ስለሚወድ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሼህ ሰይድ ግን አልሳቁም፤ «ቀጥይ» አሉ። ሴትየዋ ገና እንዳልጨረሰች ገብቷቸዋል።

«አርብ ዕለት ሐኪም ቤት ሊወስደኝ ቃል ገብቶ ረሳኝ» አለች ቢልቂስ። «ብቻዬን ሄድኩ። የት እንደነበር ግን ነገረኝ። አንድ ሚስቱ የሞተችበት፣ በኮምቦልቻ ዘመድ የሌለው ሰውዬ ዘንድ ነበር። በስህተት ገብቶ፣ አፍሮ፣ አፍሮም ተቀምጦ ነው። ከዚያ እስከ ሦስተኛው ቀን ተመላለሰ። ለስሙ ይሁን ለሰውየው እኔ አልለይላችሁም። እሱም አይለየውም፣ ጠይቄዋለሁ። ሰውየው ግን ሦስቱንም ቀን ብቻውን አልተቀመጠም።»

ጋሽ ደምመላሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አንቺ ራስሽ ትመርጪዋለሽ?» አሉ። ከዚያም እንደ ልማዳቸው ደገሙት፤ «ትመርጪዋለሽ ወይ?»

«የሌላ ሴት ባል ቢሆን» አለች ቢልቂስ፣ «ዓይኔን ሳላሽ እመርጠው ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ሙባረክ ቀና አለ። ለመናገር አፉን ከፈተና ወጉ ትዝ ሲለው መልሶ ገጠመው። ፊቱ ላይ ያለው ልመና አልነበረም፤ ድምፅ ስጪኝ የሚል አልነበረም። የሆነውን ሁሉ፣ መናኸሪያውን፣ ስብሰባውን፣ አርብን፣ አንድ ላይ ያየ ሰው ፊት ነበር። ቢልቂስ ይህን ሰው ትወደዋለች። ከነጉራው፣ ከነመርሳቱ፣ መንገድ ላይ ካቆማት ጊዜ ሁሉ ጋር ትወደዋለች። አሁን እምቢ ብትል እንደማይቀየማትም ገባት። ቤቱ ይቀመጣል፣ ይካድማታል፣ ይታዘዛታል፣ ስሙን የሚጠራ ሰው ከሩቅ በተሰማ ቁጥርም ወደ መስኮቱ ያያል።

«አሁንስ ልጄ?» አሉ ሼህ ሰይድ ቀስ ብለው። «አሁን ያንቺ ባል ነው። አንቺ ካልፈቀድሽ እኛ እጃችንን አንዘረጋም፣ አንቺንም ማንም አይወቅስሽም።»

«ዘርጉለት» አለች። «እኔም እመርጠዋለሁ። ሲመርጡት ግን ሌላው ሰው የሚሰጠው ድምፁን ነው። እኔ የምሰጠውን ይወቅልኝ።»

ሼህ ሰይድ ወደ ሙባረክ ዞሩ። «ሰምተሃል?»

ሙባረክ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ሽማግሎቹ እጆቻቸውን ዘረጉ። ፊርደውስም በሩ ላይ ሆና ዘረጋች፣ ክርስቲያኑ ጋሽ ደምመላሽም እንደ ወትሯቸው ዘረጉ። ሼህ ሰይድ ጀሊሉን ለመኑ። ለከተማው ሰላም፣ ለሞቱት ምሕረት፣ ለዚህ ሰው ቀና ልብ፣ ስሙን ከሚሰማበት ጆሮ ይልቅ የሰውን ችግር የሚሰማበት ጆሮ ለመኑለት። ለቢልቂስ ወገብ ጤና፣ ለትዕግሥቷ ዋጋ ለመኑላት። ከያንዳንዱ በኋላ ቤቱ በአንድ ድምፅ አሚን አለ። በመጨረሻው ላይ፣ እንደ ወጉ የተወዳዳሪው ድምፅ ተለይቶ መሰማት ባለበት ቦታ፣ ምንም አልተሰማም። ሙባረክ እጆቹን ዘርግቶ፣ እንባው እጆቹ ላይ እየወረደ፣ ሚስቱን ያያል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያላጣው ድምፅ ጠፍቶበታል። ሽማግሎቹ እጃቸውን ሳያጥፉ ጠበቁት።

ቢልቂስ ወደሱ ጠጋ አለችና ጉልበቱን ነካ አደረገችው።

«አሚን በል እንጂ» አለችው። «ሰው እየጠበቀህ ነው።»